ሳይጠየቅ ስለ ተሳፈረ እንስሳ

በካሪቢያን ባሕር በባለ ሸራ ጀልባ ላይ የሚኖሩ፥ ውሻቸውንና ድመታቸውንም ይዘው ከደሴት ወደ ደሴት የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ነገሩ ለወሎ ሰው ሩቅ ቢመስልም ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁለት የምትወርድ አህያ ጭነቱ ቢከብዳት ከመንገዱ ላይ ትተኛለች፤ ባለቤቷም ሳይወድ ያቃልልላታል። መተኛቷ አቤቱታዋ ነው። (የወሎ አህያ በዚህ ዕድለኛ ናት።) በባሕር መካከል ያለ ውሻ ግን ወዴት ይሸሻል? ጌታው ማዕበሉን ወዶ ገባበት፤ እርሱ ሳይጠየቅ ተጫነ። እንግዲህ እንስሳው እምቢ የሚልበት ስፍራ በጠበበ መጠን የጌታው ዕዳ ይበዛል።

«ኖኅስ መች ጠየቃቸው?» የሚል ይኖራል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ኖኅ እንስሳቱን ያስገባ ከጥፋት ውኃ ሊያድናቸው ነው እንጂ ለራሱ ደስታ አይደለም፤ ምግባቸውንም አስቀድሞ እንዲያከማች ታዝዞ ነበር።

ከደሴቶቹም አንዳንዶቹ የእብድ ውሻ በሽታን ስለሚፈሩ፥ የታዘዘውን የክትባት ወረቀት ያላሟላ እንስሳ ከጀልባ እንዳይወርድ ይከለክላሉ። ጌታው ወርዶ ገበያ ሲዞር ውሻው የብሱን እያየ ይቀራል። ይህ ሕግ አስቀድሞ የሚታወቅ ነውና ወረቀቱን ሊያሟላ ያልቻለ ሰው ውሻውን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ ብቻውን ቢሄድ ይሻለዋል።