የጤፍ ዘርና የአደራ ጥያቄ

ጤፍ ተመራማሪን የሚፈትን ሰብል ነው። አበባው እጅግ ጥቃቅን ነው፤ የሚከፈተውም ከማለዳው አንድ ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል የፈለገ ባለሙያ አጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሶ የወንዴውን ክፍል በመርፌ ጫፍ ይነቅላል፤ ይህ ዘዴ የተገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አገዳው ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ማዳበሪያ ጠገብ ሲል ይመዘዛል፣ ዝናብና ነፋስ ሲመታው ይተኛል። የአሜሪካው ዶናልድ ዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከል፣ ኮርቴቫ የተባለው የዘር ኩባንያና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ክሪስፐር በተባለው የዘረመል አርትዖት መሣሪያ ቁመትን የሚመራውን ዘረመል ነክተው፣ አጠር ያለና መተኛትን የሚቋቋም ጤፍ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትመዋል። እንዲህ ያለው ዘር ለትንሹ ገበሬ ይድረስ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው የዋጋና የማከፋፈያ ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን ጥያቄው ከዚያ ይቀድማል፦ ዘር ከፈጣሪና ከአባቶች የተረከብነው አደራ ከሆነ፣ ደረሰ የሚባለው ገበሬው ካመረተው ላይ ለከርሞ ሲያስቀርና ለጎረቤቱ ሲያበድር ነው። ይህን መብት ያልጨመረ ዘር በነጻ ቢታደልም ያው ኪራይ ነው።

አስቀድሞ የሚመጣው ተቃውሞ የእምነት ነው፦ ፍጥረትን መነካካት የፈጣሪን ሥራ ማረም አይሆንም ወይ? ኦሪት ዘሌዋውያን ሁለት ዓይነት ዘር በአንድ እርሻ መዝራትንም፣ የተለያዩ እንስሳትን ማዳቀልንም ይከለክላል። ሆኖም በትግራይ ስንዴና ገብስ ተቀላቅሎ ሐንፈጽ ተብሎ ይዘራል፤ ያንን ሕግ የሚያነቡ አባቶችም ለዘመናት በበቅሎ ሲጓዙ ኖረዋል። ልማዳችን ሕጉን እንዴት እንደተረዳው ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። አጭሩን ጤፍ ያሳጠረው ደግሞ የሌላ ፍጡር ዘር አይደለም፤ ያሳጠረው የጤፉ የራሱ ዘረመል እንዳይሠራ መደረጉ ነው፤ እንዲህ ያለ ለውጥ በተፈጥሮም ይከሰታል። ገነት ለአዳም የተሰጠችው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት እንጂ እንዲያያት ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ኃጢአት ካለ መሣሪያው ላይ አልፈልገውም፤ የተቀበሉትን ለራስ ማድረግ ላይ ነው የምፈልገው።

አደራውን አንዱ ለራሱ ያደርገዋል የሚለው ፍርሃት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ከፈረመ በኋላ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ይዘት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች ዘራቸውን እርስ በርስ የመለዋወጥ መብታቸውን ይጠብቃል፤ ሆኖም የአገር አዋጅ ውጭ አገር የተመዘገበን ፓተንት አይሽርም። የክሪስፐር ቁልፍ ፓተንቶችም በዋናነት በጥቂት የአሜሪካና የአውሮፓ ተቋማት እጅ ናቸው።

ብርቱው መከራከሪያ ግን የደከመ ይከፈለው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል። ነገር ግን ለድካም መክፈል አንድ ነገር ነው፣ ከእያንዳንዱ አዝመራ ማስገበር ሌላ። የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የክሪስፐር ፓተንቶቹን ለትርፍ ላልሆነ የግብርና ሥራ በነጻ እንደሚፈቅድ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያስታውቅ፣ ለሀብታም ገበያ እየሸጡ ለድሃ ማሳ መልቀቅ እንደሚቻል አሳይቷል። ቁንጮ የተባለውን ጤፍ እንመልከት። ደብረ ዘይት ላይ የማኛን ዝርያ ንጣትና የዱከምን ዝርያ ምርታማነት ለማጣመር ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀ የሕዝብ ምርምር ፍሬ ነው። ሲስፋፋም የገበሬ ለገበሬ ልውውጥ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ዘር የወሰደው ከምርቱ እየመለሰ ለሌላው ይተላለፍ ነበር። ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ካመረቱት ላይ የተቀረው ዘር በአብዛኛው እንደ ወላጁ ይበቅላል። ይህን የተፈጥሮ ባሕርይ በውል መከልከል ለእኔ ከዘረመል አርትዖቱ ይልቅ ፍጥረትን የሚቃወም ነው።

ነጻ ዝውውር የአገር ዝርያዎችን ያጠፋል የሚል ስጋትም አለ፤ ያልተቆለፈ ጥሩ ዘር በፍጥነት ስለሚዛመት ስጋቱ ተገቢ ነው። መድኃኒቱ ግን የጂን ባንኩንና የገበሬውን ጎተራ ማጠናከር እንጂ ዘሩን መቆለፍ አይመስለኝም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጭዱ ነገር ነው። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ቤት ይመረግበታል። አገዳው ሲያጥር እህሉ ይተርፍና ጭዱ ሊያንስ ይችላል። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ይህን ኪሳራ ከላቦራቶሪው ቀድሞ ያሰላዋል፤ ስለዚህ ዘረመሉ ከመመረጡ በፊት ሊጠየቅ ይገባል፣ የሙከራ ማሳውም ከኩንታሉ ጎን የጭዱን ሸክም ይመዝገብ። ዘሩን አትሽጥ፣ አታበድር ተብሎ ፈርሞ የተቀበለ ገበሬ ደግሞ አጭሩን ጤፍ ዘርቶ ጭድ ሲያጥረው፣ ዘሩን በጎረቤቱ ረጅም ጤፍ ለውጦ፣ ሁለቱን በልኩ ቀላቅሎ የራሱን መፍትሔ የመሞከር ዕድል እንኳ አይኖረውም።