መብት ደመወዝ አይደለም

«ሰው መብቱን ከመጠየቁ በፊት ግዴታውን ይፈጽም» ሲባል ብዙ ጊዜ ትሰማለህ። ቃሉ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። ለመሆኑ መብት ሠርተው የሚቀበሉት ደመወዝ ነውን?

በሳሪስ አቦም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ያለውን ዕድር ተመልከት። አባሎቹ ዳኛውን፥ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ይመርጣሉ፤ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጣሉ። ገንዘብ ያዡም በጉባኤ ፊት ሒሳቡን ያስረዳል። መዋጮውን ጨርሶ የተወ ሰው ግን ከመዝገብ ይሠረዛል። ወዶ የገባበት ማኅበር ነውና ፍርዱ ቅን ነው።

አገር ግን እንዲህ አይደለችም። አመልክቶ የተወለደባት ማንም የለም፤ ስለዚህም ከመዝገቧ የሚሠረዝ ሰው ሊኖር አይገባም። ግብር ያልከፈለ በሕግ ይጠየቅ፥ ይቀጣም፤ ሆኖም «ግዴታህን አልፈጸምህምና ያለ ፍርድ ትታሰራለህ» ሊባል አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 10፥ ሰብአዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ መሆኑን የደነገገው ስለዚህ ነው።

«ሕዝቡ አስቀድሞ ይብቃ፥ መብቱ ኋላ ይሰጠው» የሚለውም አሳብ በታሪካችን ተፈትኖአል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ አዘዘ። ሕዝቡ እንዲመርጥ የፈቀደው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እስኪወጣ፥ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ፥ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። ያን ጊዜም ቢሆን የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም አልተፈቀደም ነበር። ዋና ውሃ ውስጥ ገብተው እንጂ ዳር ቆመው አይማሩትም፤ መምረጥም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ግዴታ ከንቱ ነውን? አይደለም። ግዴታ የመብት አጥር ነው። አንተ የመናገር መብት አለህ ማለት፥ እኔ ሳልደነፋ አንተን የመስማት ግዴታ አለብኝ ማለት ነው። ሁሉ የራሱን ብቻ ቢጠይቅና የጎረቤቱን ባይጠብቅ፥ የማንም መብት አያድርም።

በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ለመስጠት ረጅም ሰልፍ ይዞ ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን በውጤቱ ላይ በተነሣው ጠብ፥ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደም ፈሰሰ። ከዚህ የምንማረው፥ ካርድ በሳጥን መክተት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ያሸነፈ የተሸነፈውን መብት ሊጠብቅ፥ የታጠቀም ባዶ እጁን ያለውን ሊያከብር ይገባዋል።

ወጣት ሆይ፤ 18 ዓመት ሲሞላህ አንቀጽ 38 የመምረጥ መብት ይሰጥሃል። አንቀጽ 12 ደግሞ እምነት ያጎደለ እንደራሴን ሕዝቡ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን የእንደራሴውን ስም እንኳ የማያውቅ መራጭ እንዴት አድርጎ ሊያነሣው ይችላል? ዕድርተኛው ስለ ጥቂት ብር መዋጮ ገንዘብ ያዡን አቁሞ ይጠይቃል፤ ስለ አገሩ ሀብት ሲሆን ግን ዝም ይላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ስለዚህ የድርሻህን አንዲት ሎሚ ያዝ፤ ሕጉን አንብብ፥ ሹሙን በአክብሮት ጠይቅ፥ የማትወደው ሰው መብት ሲነካም ዝም አትበል።