ምጣድና ጎረቤት

በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ብዙ እመቤቶች በአንድ ምሽት የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ቢጥዱ፥ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ነውና፥ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ መብራቱ ይጠፋል። ጥፋተኛይቱ ማን ናት? ብቻዋን እስከ ሌሊት የምትታገሥ ሴት እንቅልፏን ታጣለች እንጂ መብራቱን አታድንም።

ጆን ናሽ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1950 ያስረዳው ሚዛን ይህን ይመስላል፤ ሌሎቹ በሐሳባቸው ጸንተው ሳሉ፥ ብቻውን ሐሳቡን የለወጠ ሰው የሚያተርፈው የለም። ጌም ቲዮሪ የሚባለውን ትምህርት የያዙ መሐንዲሶች፥ ፍጆታን በየሰዓቱ በሚመዘግብ ቆጣሪ አማካይነት፥ ዋጋውን በጭንቁ ሰዓት ከፍ፥ በሌሊት ዝቅ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ርካሹ ሰዓት ለሁሉ አንድ ከሆነ ሁሉም ወደዚያው ይጎርፍና ጭንቁ ሰዓቱን ለውጦ ይመለሳል። ስለዚህ ለየቤቱ የተለያየ ተራ የሚያወጣ ስሌት ይፈልጋሉ።

ብልሃቱን አደንቃለሁ። ነገር ግን ይህ አሠራር ወደ ሰፈራችን ሲገባ፥ ዋጋው በናረ ጊዜ ባለጠጋው ከፍሎ ያስጋግራል፤ ሰዓቷን የምትለቀው በጥቂት ደመወዝ ልጆች የምታሳድገው ናት። በሒሳቡ ዘንድ ሁለቱም በፈቃዳቸው መርጠዋል። እርስዋ እኩለ ሌሊት ጋግራ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሥራ ስትሄድ፥ ይህን ፈቃድ ብሎ ለመጥራት አፋችን ይደፍራልን?

እኔስ ብጠየቅ፥ የእንጀራው ሰዓት እንደ ዕቁብ በዕጣ ይዳረስ፤ የዋጋው ጨዋታ ከእንጀራ በተረፈው ኃይል ላይ ይሁን እላለሁ።