የሚፈላበት ሙቀት ስለ ንጽሕና ምን ይመሰክራል?

በደብረ ኤልያስና በአካባቢው አረቄ በየቤቱ ይወጣል። የጌሾና የብቅሉ ድፍድፍ በእንስራ ተደርጎ ይጣዳል፤ መጋጠሚያው በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ሳይ ጥያቄ ያዘኝ፦ እንስራው ላይ ቴርሞሜትር ቢሰካ፣ ቁጥሩ ብቻውን ንጽሕናን ይነግረኛልን?

በትምህርት ቤት የተማርነው ቀላል ነው። ንጹሕ ውሃ በ100፣ የአረቄው አልኮል ኢታኖል ደግሞ በ78.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ንጹሕ ነገር ፈልቶ እስኪያልቅ ሙቀቱ አይነቃነቅም። ከድፍድፉ ግን አልኮሉ እየቀደመ ስለሚወጣ የቀረው ውሃማ ይሆናል፤ ሙቀቱም ሽቅብ ይሄዳል። እንግዲያስ ከፍ የሚል ቁጥር ድብልቅ መሆኑን ያጋልጣል፤ ይህን ተቀበልሁ።

ግን 100 የየት አገር ቁጥር ነው? አልሁ። የባሕር ወለል ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ንጹሕ ውሃ በ92፣ ንጹሕ ኢታኖልም በ71 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉን ብቻ ያመነ ሰው ንጹሑን ውሃ በሐሰት ይከሰዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ አለመነቃነቁን ልያዝ አልሁ።

እሱም አልጸናልኝም። በክብደት 95.6 በመቶ ኢታኖልና 4.4 በመቶ ውሃ ሲደባለቁ፣ በባሕር ወለል በ78.2 ዲግሪ ልክ እንደ አንድ ነገር ሆነው ይፈላሉ። ዳግም አረቄን ደጋግመው ቢያወጡት ከዚህ አያልፍም፤ ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ውሃው ውስጡ አለ። እዚህ ላይ ፈረድሁ፦ የሚለዋወጥ ሙቀት ንጹሕ አለመሆንን ያስረዳል፤ የማይለዋወጥ ሙቀት ግን ንጽሕናን አያስረዳም። እንደ አጥቢያ ዳኛ ሁለተኛ ምስክር መጥራት ያሻል፤ እፍግታው፣ ማለትም መጠነ ቁሱ ለይዘቱ ሲካፈል፣ ይለካ።

የከፋው ሜታኖል የተባለው መርዘኛ አልኮል ነው። ብቻውን በ64.7 ዲግሪ ስለሚፈላ መጀመሪያ ወጥቶ የሚያልቅ ይመስላል። አያልቅም፤ ከኢታኖሉና ከውሃው ሳይነጠል እስከ መጨረሻው ይወጣል፤ ጥቂቱን ቴርሞሜትር አያየውም። ክብሪት መጫርም አይለየውም፤ ሜታኖልም ኢታኖልም በሰማያዊ ነበልባል ይነዳሉና። መጠኑ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በእርግጥ የሚለየው ላቦራቶሪ ውስጥ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው። ወገኔ፣ ምንጩን የማታውቀውን አረቄ ነበልባሉን አምነህ አትጠጣ።