የሚዋሸው ሰዓቱ ነው ወይስ እጁ?

እ.ኤ.አ. በ2017 ኒውዮርክ ላይ አንድ የሮሌክስ ዴይቶና የእጅ ሰዓት በጨረታ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። የተዋናዩ የፖል ኒውማን ነበር፤ ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ መኪና ሲነዳ እንዲጠነቀቅ የሚመክር ቃል ከጀርባው አስቀርጻ የሰጠችው።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ገንዘብ ለምኑ ተከፈለ? ሰዓት ለመቁጠርማ አስመስሎ የተሠራውም ይቆጥራል። የተከፈለው ለታሪኩ ነው። የጥንት ሰዓት ሰብሳቢዎች የደበዘዘውን ገጽ ከአዲሱ የሚያስበልጡት፣ ፋብሪካው ራሱ ቢቀይረው እንኳ ዋጋው የሚወርደው ለዚህ ነው።

ታዲያ አስመስሎ የተሠራውን እያወቀ የሚያስር ሰው ማንን ያታልላል? ሻጩ አልዋሸውም፤ ሰዓቱም ደቂቃውን አልዋሸም። የሚዋሸው እጁ ነው፤ ያልኖረውን ኑሮ ይተርካል።

ይሁንና እውነተኛውን «እዩኝ» ለማለት ብቻ ያሰረውስ በምን ይሻላል? በኒውማን ሰዓት ጀርባ የተቀረጸው ዋጋው አልነበረም፤ የሚስት ሥጋት እንጂ።