ስለ ፌጦ የጻፍኩት ይታረምልኝ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ገጽ ስለ ፌጦ ጽፌ ነበር። ጽሑፉን ቆርጠው ያስቀመጡ ሰዎች እንደነበሩ የተረዳሁት ግን በቅርቡ፣ የባለቤቴን አጎት ለመዘየር ከቦንጋ ተነስቼ ማንኪራ በገባሁ ጊዜ ነው። ማንኪራ በዴቻ ወረዳ የሚገኝ፣ የቡና መገኛ እየተባለ የሚወሳው ጫካ ያለበት ቀበሌ ነው። የጫካ ቡና እየጠጣሁ ዐረፍ እላለሁ ብዬ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ያሳየኝ ሌላ ሆነ።

ቤት ስገባ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው በትኩሳት ተኝታለች። ከአባቷ ጋር ወደ ቆላው ወርዳ ከተመለሰች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። አያቷ ከቦንጋ ገበያ የተገዛውን ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር እየወቀጡ፣ በሎሚ እየበጠበጡ ሦስት ቀን አጠጥተዋታል። ጤና ኬላ ለምን እንዳልወሰዷት ብጠይቅ አጎታችን በላስቲክ የተጠቀለለ የጋዜጣ ቁራጭ አወጡ። «ልጄ፣ ነቢዩ ያዘዙት መድኃኒት ነው ብለህ የጻፍከው አንተው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። ወላሂ፣ የምመልሰው አጣሁ።

ወዲያው ልጅቱን ተሸክመን ወጣን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቷን ወግታ ደሟን ብትመረምር ወባ ነው። ኮአርተም ተሰጣት፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ በሦስተኛው ቀን ተነስታ ቆሎ ጠየቀች። ወባ በሕፃን ላይ ከዘገየ ወደ ጭንቅላት ወጥቶ በአጭር ጊዜ እንደሚገድል ግን አውቃለሁ፤ ስጽፍም አውቅ ነበር።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። በእሬትና «ሱፋእ» በሚባል ተክል ውስጥ ስላለው ፈውስ የሚያወሳ አንድ ዘገባ አለ። የዐረብኛ ሊቃውንት ሱፋእ ሕዝቡ ሐበቱ ረሻድ የሚለው ፍሬ፣ ማለትም የኛው ፌጦ መሆኑን ገልጸዋል። በ751 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑል ቀዪምም ስለ ነቢያዊ ሕክምና በጻፉት ውስጥ ይህንኑ ተክል አንስተውታል። እስከዚህ የጻፍኩት ትክክል ነበር። የዘለልኩት ሰነዱን ነው። ዘገባው ሙርሰል ነው፤ ታቢዒዩ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማን እንደሰማላቸው ሳይጠቅስ ያወራው ነው፤ የሐዲስ ሊቃውንትም ደካማ ብለውታል። ስለ ጥቁር አዝሙድ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ግን ሰሒሕ ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀመጥኳቸው። በነቢዩ ስም መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ዩኒቨርሲቲ መግባት ሳያስፈልገኝ፣ ገና በመድረሳ የተማርኩት ነገር ነበር።

ፌጦን ላጣጥል አይደለም። ቅጠሉ በዐረብ አገሮች፣ በኢራንና በአውሮፓ እንደ ሰላጣ በጥሬው ይበላል፤ ቫይታሚን ኤ፣ ሲና ኬ አለው። እኛ ግን ፍሬውን ይዘን ቅጠሉን ረስተናል፤ ከጎመን ባልተናነሰ በጓሮ የሚበቅል ነገር እንዴት እንደተውነው ይገርመኛል። ፍሬው ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ልጋግ፣ ሲታኘክም እንደ ሰናፍጭ የሚያቃጥለው ባሕርዩ እናቶቻችን ለሆድ ሕመም የመረጡት በከንቱ እንዳልሆነ ያመለክታል። በሳዑዲ ለአራስ ከወተት ጋር ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ግን ፍሬውን እንደ መድኃኒት ባትወስድ ይሻላል፤ ማሕፀንን ያነቃቃል ተብሎ ይፈራልና። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም ቅጠሉን ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አልጻፍኩም።

ለወባም ቢሆን ከቅጠል የተገኘ ፈውስ አለ። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የአገሯን ጥንታዊ የሕክምና መጻሕፍት መርምራ፣ የኛ የጭቁኝ ዘመድ ከሆነ ተክል አርቲሚሲኒንን አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። ማንኪራ ላይ ልጅቱ የዋጠችው ኪኒን ከዚሁ የመጣ ነው። ልዩነቱ ተፈትኖ፣ መጠኑ ታውቆ መሰጠቱ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መታከም በተጠየቁ ጊዜ እንዲታከሙ፣ አላህ ከእርጅና በቀር ፈውስ ያላኖረለት በሽታ እንደሌለ መልሰዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም በሱነን ኪታቦች ተዘግቧል። ይህን ሁለተኛውን ሐዲስ ስንቱን የባህል መድኃኒት ሻጭ ስተችበት ኖሬያለሁ! ያላየሁትን በሽተኛ በብዕር ማከሜ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ስሰናበት አጎታችን ቁራጩን እንደያዙ ነበሩ። የአላህና የነቢዩ ስም ስላለበት ሊጥሉት አልደፈሩም። «እርማቱን ላክልኝ፤ አብሬ አስቀምጠዋለሁ» አሉኝ። ይኸው ልኬያለሁ።

ወላሁ አዕለም።