ሰሙን ብቻ የሰማ ሕመምተኛ

ፊንስበሪ ፓርክ በሰሜን ለንደን ኢዝሊንግተን፣ ሃክኒና ሃሪንጌይ የተባሉት ሦስት ወረዳዎች የሚዋሰኑበት ሰፈር ነው። ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ በሰቨን ሲስተርስ ሮድ ወይም በብላክስቶክ ሮድ ጥቂት ለተራመደ ሰው የብዙ አገር ቋንቋ በጆሮው ይገባል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲታመም ግን የሚቀርበው እንግሊዝኛ ወደሚናገር ሐኪም ነው። ለዓመታት በሙያዬ እንደታዘብኩት፣ ከበሽታው ስም ይልቅ ሰውን የሚያደናግረው ፈሊጡ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሕመምተኛው ገና ከአደጋ አለመውጣቱን ሲገልጽ «ከጫካው አልወጣንም» ይላል። የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ዘመን ላየ የአገራችን ሰው ግን ጫካ መግባት ማለት ጠመንጃ አንሥቶ መሸፈት ነው። «ከአየሩ ጠባይ በታች ነኝ» ማለት ትንሽ አሞኛል፣ «ጥይቱን ንከሰው» ማለት መከራውን ጨክነህ ቻለው ማለት ነው። እነዚህ ቢያስቁ እንጂ አይጎዱም። «ዐይናችንን እናኖርበታለን» የሚለው ግን ይጎዳል። ትርጉሙ ለጊዜው ሕክምና አንጀምርም፣ እየተመላለስክ ትታያለህ ማለት ሲሆን፣ ሰሚው «እነርሱ ያዩልኛል» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ እብጠቱም ያድጋል።

የእኛም ቋንቋ ከዚህ የጸዳ አይደለም። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ በ1979 ዓ.ም. «የአማርኛ ፈሊጦች» በሚል ርእስ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አውጥተዋል። «ጨጓራዬን ላጠው»፣ «አንጀቴን በላው»፣ «ሆድ ባሰኝ» የሚለውን ሰው ቃል በቃል የተረጎመለት ሐኪም፣ የተናደደውን፣ ያዘነለትንና የተከፋውን ሁሉ ለሆድ ዕቃ ምርመራ ይልከዋል።

ለመሆኑ ይህ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ነውን? አይመስለኝም። ፈሊጥ በእኩዮች መካከል ጨዋታና ጨዋነት ነው፤ ሁለቱም ያውቁታልና። አንዱ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ሲሆን ግን የተናጋሪው መሸሸጊያ ይሆናል። ሐኪሙ «ነግሬዋለሁ» ብሎ ኅሊናውን ያሳርፋል። ሕመምተኛውም «ገባህ?» ሲባል በይሉኝታ «የስ» ይላል፤ በዚያው ይሉኝታ የፈቃድ ወረቀት ይፈርማል። በይሉኝታ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ ነውን? የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. በሞንትጎመሪ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ሐኪም ለሕመምተኛው ቁም ነገር የሆነውን አደጋ የመግለጽ ግዴታ እንዳለበት፣ ገለጻውም ሕመምተኛው በሚረዳው መንገድ መሆን እንዳለበት አስታውቋል። እንግዲህ ሕጉም የሚጠይቀው መነገሩን ብቻ ሳይሆን መሰማቱንም ነው።

አዛውንቶቻችን ይህን ሲሰሙ «እውነትን በግላጭ መወርወር ጭካኔ ነው፤ እኛ መርዶ እንኳ በዘመድና በሽማግሌ፣ ማለዳ ነው የምንናገረው» ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን መርዶ ያዘገያል፣ ያለዝባል እንጂ አይሰውርም። ዘመድ በማለዳ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ያየ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ያውቃል፤ «ዐረፈ» ሲባልም መሞቱን የማይረዳ የለም። ሰምና ወርቅም ቢሆን ሰሚው ወርቁን ማግኘት ስለሚችል ነው ጥበብ የሆነው። የቅኔ ተማሪ ወርቁን ማውጣት ይማራል፤ ሕመምተኛው ግን የእንግሊዞቹ ቅኔ ቤት አልገባም። ወርቁን ሊያወጣው የማይችለውን ሰም ለሰው መስጠት፣ በሐሰት ባይቆጠርም፣ ከሐሰት አይርቅም። ስለዚህ መመዘኛው ንግግሩ ለስላሳ ወይም ሻካራ መሆኑ አይደለም፤ ሰሚው ትርጉሙ ላይ መድረስ መቻሉ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ተወልዶ ያደገ ሕፃን ለእናቱ ሲያስተረጉም ነው። እንግሊዝኛው የአፍ መፍቻው ነው፤ አማርኛው ግን የቤት ውስጥ አማርኛ ነው። ፈሊጡ ገብቶት ቃሉ ይጠፋዋል፤ ቃሉን ሲያገኝም ለእናቱ ሞቷን የሚነግራት እርሱ ይሆናል። የዚህ አገር የጤና አገልግሎት መመሪያዎችም ልጆችን በአስተርጓሚነት መጠቀምን አይደግፉም። ባለሙያ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲቀርብ መጠየቅ መብት ነው፤ ቀጠሮ ሲያዝ አስቀድሞ መናገር ይበቃል።

እንግዲህ ግዴታው የሁለቱም ነው። ሐኪሙ «ገባህ?» ከማለት ይልቅ «የነገርኩህን በራስህ አነጋገር መልሰህ ንገረኝ» ይበል። ሕመምተኛውም ይሉኝታውን ለሰርግና ለልቅሶ ቤት ትቶ «አልገባኝም» ይበል። ይህን ማለት አለማወቅ አይደለም፤ ነገ ስለ ገዛ ሰውነቱ የሚወስነው ራሱ ነውና።